ከእህቴ ቦርሳ ያወጣሁት

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለነፍስ አባቴ ስናዘዝ እንኳ ጾም መግደፌን፣ ሰው ማማቴን ዘርዝሬ ይህችን ዘልያታለሁ። እናንተ ግን ስሙኝ፤ እኔ ክፉ እህት ነኝ።

ታናሽ እህቴ ጥሩዓለም ከአምበር ተነስታ ደብረ ማርቆስ እኔ ቤት የመጣችው ለሕክምና ነበር። አስም አለባት፤ ክብደቷም ከመጠን አልፎ ጉልበቷን ያማታል፣ ደም ግፊትም ጀምሯታል። ሐኪሙ እኔው ፊት ነው የነገራት፦ ቀስ እያልሽ ተራመጂ፣ ክብደቱ በሂደት ይቀንሳል፣ በአፍሽ የምትስቢው መድኃኒት ግን ከእጅሽ አይለይ። ሰምቻለሁ። አልሰማሁም ማለት አልችልም።

እኔ ግን አፍሬባት ነበር። ሰው ሲመጣ ጓዳ አስገባታለሁ። ሳትጠግብ ሰሃኑን ከፊቷ አነሳለሁ። «አስም አይደለም ያፈነሽ፣ ስብ ነው» እላታለሁ።

አንድ ቅዳሜ ረፋድ ከገበያ ስንመለስ በዳገቱ በኩል ይዣት ወጣሁ። ባጃጅ እንያዝ ብትለኝ እንቢ አልኳት። መድኃኒቱን ገና ከቤት ሳንወጣ ከቦርሳዋ አውጥቼ ሹራቤ ኪስ ከትቼዋለሁ። እኔ ነኝ ያወጣሁት። እኔው በእጄ።

ዳገቱ መሃል ቆመች። ደረቷ ያፏጫል። ቦርሳዋን መሬት ላይ ዘረገፈችው።

«እታለም... መድኃኒቴ...»

«እኔ ጋ ነው። እዚያ ባሕር ዛፍ ድረስ ሂጂና እሰጥሻለሁ።»

ሄደች። እግዚኦ፣ ሄደች እኮ! አምስት እርምጃ ሳትሞላ በጉልበቷ ወደቀች፤ እየዳኸች ልትደርስ ሞከረች። ከንፈሯ ሲጠቁር ነው አውጥቼ የሰጠኋት፤ ያኔ ደግሞ የምትስብበት ትንፋሽ አጣች። አንድ የባጃጅ ሹፌር ሮጦ ደርሶ አብረን ጭነን ጤና ጣቢያ አደረስናት።

በኦክስጅን ነፍስ ስትዘራ ነርሷ ተቆጣቻት። «ገና ሲጀምርሽ ለምን አልሳብሽውም?»

ጥሩዓለም እኔን አየችኝ። «ቤት የረሳሁት መስሎኝ ነው» አለች።

እኔም ዝም አልኩ። ምን ዓይነት ሰው ነው በዚያች ሰዓት ዝም የሚል?

በሳምንቱ አገሯ ገባች። ዛሬ መድኃኒቷን ሳታቋርጥ፣ በራሷ እርምጃ ጠዋት ጠዋት እየተራመደች ክብደቷ ቀንሷል፤ ትንፋሿም ደህና ነው። ስደውልላት ታነሳለች፤ እንደ ባዕድ «እርስዎ» ትለኛለች።

ለጤናዋ ተጨንቄ ነው ያደረግሁት ብል ይቀለኝ ነበር። አይደለም። ያን ቀን ዳገቱ ላይ ስትድህ ቆሜ ሳያት፣ ደስ ብሎኝ ነበር።