ዘጠኝ ዓይነት ነጭ

ሪያድ፣ ሱወይዲ ሰፈር የተከራየነው ቤት ግድግዳው ነጭ ነው ተብሎ ነው የተሰጠን። ስንገባ ቢጫ ነበር። ከእኛ በፊት የኖረው ሰው አጫሽ መሆኑን ለማወቅ ምርመራ አያስፈልግም፤ ሳሎኑ ውስጥ ሥዕል ሰቅሎበት የነበረው ቦታ ብቻ አራት ማዕዘን ሆኖ ነጥቶ ቀርቷል። ሁለት ዓመት ሙሉ ዛሬ ነገ እያልን ከነቢጫው ኖርን። በ2011 ዓ.ም. ከገና በኋላ ግን ባለቤቴ አንድ ቀን ሶፋው ላይ እንደተቀመጠ ግድግዳውን አየና «አሁንስ በቃኝ፣ ይቀባ» አለ።

አከራያችን አልተቃወመም። ደስ ያላችሁን ቀቡ፣ ስትለቁ ግን በሕንፃው ነጭ መልሳችሁ ቀብታችሁ ታስረክቡኛላችሁ አለን። ሪያድ ውስጥ እንዲህ የሚሉ አከራዮች ብዙ ናቸው። የሕንፃው ነጭ ማለት ደረጃውና መተላለፊያው የተቀባበት፣ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ፣ ዓይን የሚወጋ ነጭ ነው። ባለቤቴ አምርሮ ይጠላዋል። «የሬሳ ክፍል ቀለም» ነው የሚለው። እኔ ቀኑን ሙሉ ሆስፒታል ውስጥ ከእንደዚያ ዓይነት ግድግዳ ጋር ስለምውል ምንም አይመስለኝም ነበር።

ባለቤቴ አዲስ አበባ የሕንፃ መሐንዲስ ነበር። እኔ እዚህ የላቦራቶሪ ሥራ ሳገኝ የራሱን ሥራ ትቶ መጣ። የመኖሪያ ፈቃዱ፣ ኢቃማው ላይ «ሙራፊቅ» ተብሎ ተጽፎበታል፤ በእኔ ስም የሚኖር፣ ሥራ የማይፈቀድለት ማለት ነው። ሰላሳ ሠራተኛ ያስተዳድር የነበረ ሰው ጠዋት እኔን ሥራ ያደርሳል፣ ገበያ ይሄዳል፣ ይቀቅላል፣ ከሰዓት መጥቶ ይወስደኛል። አማርሮ አያውቅም። ቢያማርር ይሻለኝ ነበር፤ ቢያንስ እመልስለታለሁ።

የቀለሙ ነገር በተነሳ በሳምንቱ ሆስፒታሉ ደብዳቤ ሰጠኝ። ከሚቀጥለው እድሳት ጀምሮ ውሌ ከባለቤተሰብ ወደ ነጠላ ይቀየራል። ባለቤቴ በሦስት ወር ውስጥ ኢቃማው ሲያልቅ ወደ አገሩ ይመለሳል፣ እኔ የሴቶች ማደሪያ እገባለሁ። ካልተስማማሁ ደግሞ ሥራዬን ለቅቄ አብሬው እሄዳለሁ። ከታች ሁለት ሳጥኖች አሉ፤ እስማማለሁ፣ አልስማማም። ለማሰቢያ ሁለት ሳምንት ተሰጥቶኝ ነበር። እኔ ግን እዚያው ጸሐፊዋ ፊት እንደቆምኩ፣ በራሷ እስክሪብቶ፣ እስማማለሁ የሚለው ላይ ምልክት አድርጌ ፈረምኩ። ቅጂውን ይዤ ወጣሁ። ማታ እነግረዋለሁ አልኩ።

ቤት ስገባ ግድግዳው ላይ ሦስት ካሬ ነጭ ቀብቶ ጠበቀኝ። ከእያንዳንዱ ሥር በእርሳስ ቁጥር ጽፏል። «ሦስቱ አንድ ናቸው እንዳትዪ» አለኝ፤ አንድ ናቸው ልል ነበር። ክንዱ ላይ ቀለም ነበረበት፣ ፀጉሩም ላይ። እንደዚያ ፊቱ በርቶ ካየሁት ቆይቻለሁ። ደብዳቤውን ወረቀቶቻችንን የምናስቀምጥበት ክላሰር ውስጥ፣ ከኪራይ ውሉ ኋላ ሸጎጥኩትና ራት በላን።

ከዚያ በኋላ በየቀኑ ነጭ ማየት ሆነ ሥራችን። ጠዋት መጋረጃው ተከፍቶ እናያለን፣ እኩለ ቀን ላይ እሱ ብቻውን አይቶ ይጽፋል፣ ማታ መብራት አብርተን እንደገና እናያለን። አንድ ቁጥር ፀሐይ ሲያርፍበት ወተት ይመስላል፣ መብራት ሲበራ ወደ ሮዝ ይሄዳል። ሁለት ቁጥር እርጥብ ሆኖ ቆንጆ ነበር፣ ሲደርቅ ጀሶ ሆነ። ሦስት ቁጥር ከአቧራ ነፋስ በኋላ የቆሸሸ ይመስላል፤ እዚህ አገር ደግሞ መስኮት ቢዘጋም አቧራው መግቢያ አያጣም። ምልክት ተደርጎበት፣ በሰዓቱ ታይቶ የሚመዘገብ ነገር በባሕሪዬ ስለምወድ እኔም ገባሁበት። እንዲያውም ከአሮጌው ቢጫ ጎን ካላየናቸው ማወዳደር አንችልም ብዬ ያስተማርኩት እኔ ነኝ።

ቀለሙን የምንገዛው እዚያው ሰፈር ካለ ሱቅ ነው። ቀለም የሚበጠብጠው ጢሙ የሸበተ የወሎ ሰው ነበር፤ ሪያድ ሃያ ዓመት ኖሯል። ባለቤቴ አራተኛውን ናሙና ሊወስድ ሲሄድ ሳቀበት።

«ወላሂ ወንድሜ፣ ነጭ ነጭ ነው። ያላ፣ አንዱን ያዝና ግባ!»

ባለቤቴ አንዱን አልያዘም። አራት ቁጥር ሲመጣ ወደድኩት፤ ለስላሳ ነው፣ ማታም ቀንም አይለወጥም። እሱም ወደደው። በቃ አለቀ ስል አምስተኛ መጣ። ከዚያ ስድስተኛ፣ ሰባተኛ። ግድግዳው የተጣፈ ሸማ መሰለ። ስምንተኛውን ሲቀባ ተናደድኩ።

«አንተ ሰውዬ፣ ሕንፃ ስትሠራም እንዲህ ነበርክ?»

«ሕንፃ ይቀላል» አለኝ። ብሩሹን ውኃ ውስጥ እያጠበ ደግሞ «አንቺስ የምትዪኝ ነገር የለም?» አለ። ይቺን ጥያቄ በየማታው ይጠይቃታል።

«አራት ቁጥር ይሻላል» አልኩት።

እውነቱን ልናገርና፣ ንዴቴ የላይ የላዩን ነበር። አዲስ ነጭ በመጣ ቁጥር ለእኔ ሁለት ቀን ይጨመርልኛል። ቀለሙ ከተገዛ እንቀባለን፤ ከቀባን ደግሞ ከሦስት ወር በኋላ በምንለቀው ቤት ያለቀለትን ግድግዳ እንደገና በሕንፃው ነጭ ልናለብስ ነው። ከዚያ በፊት መናገር ነበረብኝ። ማታ ማታ አፌ ድረስ ይመጣል፣ ከዚያ መብራቱ ሥር ቆሞ አንገቱን ዘንበል አድርጎ ግድግዳውን ሲያይ ሳየው ነገ ይሁን እላለሁ። ሦስት ሳምንት እንዲህ ሄደ።

ዘጠነኛው ነጭ በደረቀ ማግስት፣ ሐሙስ ቀን፣ ከሥራ ሲወስደኝ «ዛሬ እንግዛ» አለ። በልቤ አራት ቁጥር ነው ብያለሁ። ሱቁ ስንደርስ ከኪሱ በወረቀት የተጠቀለለ ነገር አወጣና ለወሎው ሰው ሰጠው። ከደረጃው ግድግዳ የተላጠ ቅርፊት ነበር።

«እንደዚህ ያለ፣ አራት ባልዲ።»

ሰውየው ቅርፊቱን አገላብጦ አየው። «ዘጠኙን ሁሉ አልፈህ እዚህ? ይሄን እኮ የሚወስደው ቤት የሚለቅ ሰው ነው» አለና ወደ እኔ ዞረ። «እህቴ፣ ልትሄዱ ነው እንዴ?»

ባለቤቴን አየሁት። የባልዲ ክዳን ጥብቅ ማለቱን በመዳፉ እየሞከረ ነበር። ለሰውየው ምን እንደመለስኩ አላስታውስም።

መኪና ውስጥ ገብተን ትንሽ ከሄድን በኋላ «ደብዳቤውን መቼ አየኸው?» አልኩት።

«ሦስቱን በቀባሁ ማግስት። አከራዩ ስለ ቀለም ምን እንዳስጻፈ ለማየት ውሉን ሳወጣ።»

ስድስት ነጭ ቆጠርኩ። «ታዲያ የቀሩትን ለምን ቀባህ?»

«ከመረጥን እንገዛለን፣ ከገዛን እንቀባለን። ከዚያ በፊት ትነግሪኛለሽ ብዬ ነው።»

ያኔ ነገርኩት። ከመጀመሪያው፣ ጸሐፊዋ ከጠራችኝ ጀምሬ፣ ሁለቱን ሳጥኖች፣ ማደሪያውን፣ ሁሉንም፤ ምንም እንደማያውቅ ሰው አድርጌ ነገርኩት። እሱም ምንም እንደማያውቅ ሰው ሆኖ ሰማኝ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ምክንያት ስደረድር ከርሜ ነበር፤ እናቴን የማሳክማት በዚህ ደመወዝ ነው፣ አገር ቤት እንደዚህ ያለ ላቦራቶሪ የለም፣ አንተም ብትሆን ወደ ሥራህ ብትመለስ ይሻልሃል። አንዱንም አልጠየቀኝም። ቤታችን በር ላይ መኪናውን አቁሞ ሞተሩን ካጠፋ በኋላ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ።

«ደብዳቤው የተጻፈበትና አንቺ የፈረምሽበት ቀን አንድ ነው። አንድ ሌሊት እንኳን አላሳደርሽውም?»

«አላሳደርኩትም» አልኩት።

«እሺ» አለና ወርዶ ባልዲዎቹን ማውረድ ጀመረ። በጣም አፈርኩ። ዓርብና ቅዳሜ አብረን ቀባን፣ በሚያዝያ እሱ አዲስ አበባ ገባ፣ እኔ ማደሪያው ውስጥ ሦስት ዓመት ሠራሁ። ዛሬም ያን ወረቀት ቢሰጡኝ እዚያው ሳጥን ላይ ምልክት አደርግ ይሆናል። ግን መጀመሪያ አንድ ሌሊት አሳድረዋለሁ።