እናቴ ማሽተት የተሳናት ጽጌረዳ

ቡራዩ የነበረው የወላጆቼ ቤት ከዋናው መንገድ ብዙም የማይርቅ፣ ቆርቆሮ የለበሰ የጭቃ ቤት ነበር። ለእንግዳ አቅጣጫ የምንነግረው ግን በቤቱ ሳይሆን በሩ አጠገብ በነበረችው ጽጌረዳ ነው። «ጽጌረዳዋ ጋ ስትደርሱ ጥሩን» እንል ነበር። የሚመጣውም ሰው ሳይጠራን በሩን ያንኳኳል፤ ሽታዋ ከአጥሩ ውጭ ይቀበለዋልና።

አበባዋ ደብዘዝ ያለ ሮዝ ነው። ቅጠሎቹ እንደ ጥቅል ጎመን ተደራርበው የታጨቁ ስለሆኑ አንገቷ አይችላቸውም፤ ዝናብ የመታት ቀን አበባው ሁሉ ወደ መሬት ይደፋል። ተቆርጣ ብርጭቆ ውስጥ ብትቀመጥ ለማግስቱ አትደርስም። ለምርቃትና ለሠርግ የሚገዛው፣ አገዳው ረጅም የሆነው የግሪንሃውስ ጽጌረዳ አጠገቧ ቢቆም በመልክ እሷን የሚመርጥ አይኖርም። ሽታዋ ግን ሌላ ነበር። እናቴ የረገፈውን አበባ ለቅማ ጥላ ላይ ታደርቅና ሳጥኗ ውስጥ ነጠላዋ እጥፋት መሀል ትበትነዋለች። ቤተ ክርስቲያን አጠገቧ የሚቆሙ ሴቶች ምን ሽቶ እንደምትቀባ ይጠይቋት ነበር። በወርኃ ጽጌ ደግሞ እሑድ እሑድ በማለዳ በሰፌድ ቆርጣ ይዛ ትሄዳለች፤ ካህናቱ አበባውን አበባውን እያሉ ሲያመሰግኑ የእሷ ጽጌረዳ የእመቤታችን ሥዕል ፊት ትቀመጣለች።

የተከላት አባቴ ነው። ሰበታ አንድ ፋብሪካ ውስጥ ዕቃ ግምጃ ቤት ይሠራ ነበር፤ ጨለማ ሳይገፈፍ ወጥቶ አመሻሽ ላይ ይመለሳል። ከሥራ ሲገባ መጀመሪያ የሚያያት እሷን ነው። ሥሯን ይኮተኩታል፣ አመድና የበግ በጠጥ ይጨምርላታል፣ የደረቀውን ቅርንጫፍ በእናቴ አሮጌ መቀስ ይቆርጣል። አባቴና እናቴ በልጅ ፊት ፍቅር የሚያወሩ ሰዎች አልነበሩም። አባቴ አንድ አበባ ቆርጦ ይገባና እናቴ የምትቀመጥበት ዱካ አጠገብ አስቀምጦ ልብሱን ሊቀይር ያልፋል። እሷም አንስታ ታሸትታለች። እኔ ብቸኛ ልጃቸው ነኝ፤ በቤታችን ስለ ፍቅር ያየሁት ይህን ነው።

አባቴን ስኳር በሽታ ቀስ በቀስ ጨርሶ ወሰደው። እሱ ካረፈ በኋላ ጽጌረዳዋን የመንከባከቡ ሥራ የእናቴ ሆነ። እኔ ያኔ አግብቼ ሱሉልታ ገብቼ ነበር፤ እስካሁንም እዚያው የተማሪ ዩኒፎርም እሰፋለሁ። ልጠይቃት ሄጄ ባደርኩ ቁጥር የማያት ነገር አንድ ነው፦ ፊቷን ሳትታጠብ ትወጣና አንዱን ቅርንጫፍ ወደ ራሷ ጎንበስ አድርጋ ረዘም ላለ ጊዜ ታሸትታለች። ከዚያ በኋላ ነው ቀኗ የሚጀምረው።

ሰው ሁሉ አፍና አፍንጫውን ሸፍኖ በሚሄድበት ጊዜ እናቴ ታመመች። ትንፋሽ አጥሯት ሳምንታት ተኛች፤ እግዚአብሔር ይመስገን ተነሣች። ሳሉ ለቀቃት፣ የምግብ ፍላጎቷ ግን አልተመለሰም። ወጡን ትቀማምስና ሳህኑን ገፋ ታደርገዋለች። እኔ ድካም መሰለኝ። ጠዋት ጠዋት እንደ ልማዷ ወጥታ ስታሸት ስለማያት ሌላ ነገር አልጠረጠርኩም።

የአባቴ ሙት ዓመት ሲደርስ ሰበታ ጨርቅ ልገዛ ሄጄ ነበር። መንገድ ዳር ወጣቶች ከግሪንሃውስ የተመለሰ ጽጌረዳ ይሸጣሉ፤ ቀይ ቀዩን መርጬ ይዤላት ገባሁ። እናቴ ተቀበለችኝና ዓይኗን ጨፍና አፍንጫዋን አበባው ውስጥ ከተተች።

«ተመስገን፤ ሽታው እንዴት ያውዳል» አለች።

ደስ ብሎኝ ውኃ ውስጥ ልከተው ወደ ጓዳ ይዤው ሄድኩ። ውኃውን እየቀዳሁ እኔም አሸተትኩት። ከእርጥብ ካርቶን በቀር የሚሸት ነገር የለውም። ሌላውን አንስቼ አሸተትኩ፤ እሱም ያው ነው። አበባውን ጓዳው ውስጥ ትቼ ተመልሼ ወጣሁ። ማሽተት ካቆመች ምን ያህል ጊዜ እንደሆናት ጠየቅኋት። የነጠላዋን ጥለት ጫፍ እየፈተለች መሬት መሬቱን አየች።

«ከታመምኩ ጀምሮ ነው» አለች።

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ምን ታደርጊልኛለሽ ብዬ ነው? ጠዋት ጠዋት እወጣለሁ። ምናልባት ዛሬ ይመጣ ይሆናል እላለሁ።»

ሐኪም ቤት ወሰድኳት። ሐኪሙ በበሽታው ምክንያት ብዙ ሰው ላይ እንደደረሰ፣ አንዳንዱ ላይ ቀስ ብሎ እንደሚመለስ፣ አንዳንዱ ላይ ግን እንደማይመለስ ነገረን። ጠበልም ተጠመቀች። አልተመለሰም።

ከዚያ በኋላ በሄድኩ ቁጥር እጄን ይዛ ወደ ጽጌረዳዋ ታወጣኝና እንዳሸት ታደርገኛለች። ምን ምን እንደሚል እንድነግራት ትፈልጋለች። መጀመሪያ ጣፋጭ ነው አልኳት፤ ማርም ጣፋጭ ነው አለችኝ። የሎሚ ልጣጭ ይመስላል አልኳት፤ አይደለም አለች። ዝናብ የመታው ሣር፣ ጤና አዳም፣ አዲስ የታጠበ አንሶላ፣ ያልሞከርኩት የለም። ሁሉንም አይደለም አለችኝ። ያልሆነውን ታውቃለች፤ የሆነው ግን ጠፍቶባታል።

አንድ ቀን ደክሟት ደረጃው ላይ ተቀመጠችና እንዲህ አለችኝ፦ «ሽታ እንደነበራት አውቃለሁ፤ ሽታውን ግን ላገኘው አልቻልኩም። አባትሽም እንደዚሁ እየሆነብኝ ነው። ፎቶው ይመጣልኛል እንጂ ፊቱ አይመጣም።»

አጠገቧ ተቀመጥኩ።

በዚህ ላይ መንገዱ መጣ። የመንገድ ማስፋፊያው የሠፈራችንን ቤቶች እንደሚነካ ሲወራ ቆይቶ አንድ ቀን አጥራችን ላይ ቀይ ቀለም ተቀባ። ግቢውና የፊት ለፊቶቹ ክፍሎች ይፈርሳሉ፤ የሚቀረው ጓዳ ሰው የሚኖርበት አይደለም። ጎረቤት ሲያለቅስ እናቴ አላለቀሰችም። ቀለም ሊቀባ የመጣውን ልጅ እግር ሠራተኛ አንድ ነገር ብቻ ነው የጠየቀችው፤ አበባዋን ነቅሎ ለመትከል ዝናብ ስለሚያስፈልግ እስከ ክረምት ይቆዩላት እንደሆነ። ልጁ ኮፍያውን አውልቆ «እማማ፣ ይሄ በእኔ እጅ ያለ ነገር አይደለም» አላት። እውነቱን ነበር።

በታኅሣሥ ነቀልናት። ባለቤቴ ከጠዋት ጀምሮ ሲቆፍር ዋናው ሥር ከቤቱ መሠረት ሥር ገብቶ ተገኘ፤ ከመቁረጥ ሌላ ምርጫ አልነበረውም። መጥረቢያውን ሲያነሳ እናቴ ፊቷን አዞረች። የተረፈውን ሥር ከነአፈሩ በማዳበሪያ ጠቅልለን፣ ከአልጋና ከሳጥኑ ጋር አይሱዙ ላይ ጭነን ወደ ሱሉልታ ወሰድናት። እናቴ ጋቢና ተቀምጣ መታጠፊያ በደረስን ቁጥር ዞራ በኋላ መስኮቱ ታያለች። እንጦጦን አልፈን ቁልቁል ስንወርድ ሱሉልታ ሜዳው ላይ በደረቅ ብርዱ ተቀበለችን።

ከግቢያችን ነፋስ የማይመታውን ጥግ መርጠን ተከልናት። እናቴ ሲመሽ የራሷን ጋቢ ታለብሳታለች፣ ሲነጋ ታነሳላታለች። ጋቢው ግን የሱሉልታን ውርጭ አልቻለም። አንድ ጠዋት ስንወጣ ሣሩ ላይ አመዳይ ነጭ ሆኖ ተኝቷል፤ የጽጌረዳዋ ቅጠል ደግሞ የፈላ ውኃ የፈሰሰበት መስሎ ጠቁሯል። ከዚያ ቅርንጫፎቿ ከጫፍ ወደ ታች አንድ በአንድ ደረቁ። ባለቤቴ እንደሞተች ሊነግራት ፈልጎ እኔ ከለከልኩት። እናቴ ውኃ ማጠጣቷን አላቆመችም።

የበልግ ዝናብ ሲጥል ከሥሯ አረንጓዴ ቡቃያ ወጣ። እኔ ነኝ ያየሁት። መርፌና ክሬን ጥዬ እየሮጥኩ ነገርኳት። እናቴ ወጥታ ቁጢጥ አለች፤ ቅጠሉን በሁለት ጣቷ ይዛ ዳበሰችው። እሾሁንም ነካችው። ተነሥታ ገባች። ቡቃያው በሳምንታት ውስጥ ጉልበት አውጥቶ ሲያድግ እኔ እየተደሰትኩ እሷ ለምን ዝም እንዳለች አልገባኝም ነበር። በመጨረሻ ጠየቅኋት።

«ልጄ፣ ይሄ የአባትሽ ጽጌረዳ አይደለም» አለች። «ቀጋ ነው።»

ያን ቀን ነው ታሪኩን የነገረችኝ። ጽጌረዳዋ ድሮ አባቴ በሚሠራበት ፋብሪካ ግቢ፣ በአንድ አሮጌ መኖሪያ ቤት ደጃፍ ላይ ነበረች። ቤቱ ፈርሶ መጋዘን ሊሠራበት ሲሆን አባቴ ቅርንጫፎቿን ይዞ መጣ። ደጋግሞ ቢተክላቸውም ሥር አልሰድ አሉ። አንድ ሰው መክሮት ከወንዝ ዳር ቀጋ፣ የዱሩን ጽጌረዳ፣ ነቅሎ አመጣና ግንዱን ሰንጥቆ የጽጌረዳዋን ቀንበጥ አስገባበት፤ በጨርቅ ጠምጥሞ አሰረው። ያዘ። ያ ሁሉ ዘመን ያሸተትነው አበባ በቀጋ ሥር ላይ የኖረ ነበር። አሁን ውርጩ የላዩን ሲገድለው የታችኛው ብቻውን በቀለ።

ባለቤቴ እንግዲያው እንንቀለው፣ ቦታ ይይዛል አለ። እናቴ አልፈቀደችም። «እሱ ምን አደረገ? ተሸክሟት ነው የኖረው» አለች።

በዚያው ሰሞን አንድ ነገር ትዝ አላት። አባቴ ያኔ ሌላ ቀንበጥ በሌላ ቀጋ ላይ አሥሮ ለአንድ የሥራ ባልደረባው ሰጥቶት ነበር። ሰውየው ከሞቱ ቆይተዋል፤ ሚስታቸው ግን ሰበታ እንዳሉ ሰምታለች። አንድ ቅርንጫፍ ካገኘን ሱሉልታ ያለው ቀጋ ላይ መልሰን እንሞክራለን ብለን ሚኒባስ እየቀያየርን ሄድን። ከቡራዩ ከወጣች ወዲህ እናቴን እንዲያ ስትፈጥን አላየኋትም።

በር የከፈቱልን ቀጠን ያሉ አሮጊት ናቸው። ማን እንደሆንን ሳይለዩን በፊት በኦሮምኛ ሰላምታ «አካም ጅርቱ? ኮታ፣ ኦል ሴና» እያሉ ወደ ውስጥ ይዘውን ገቡ። እናቴ ማንነቷን ስትነግራቸው ሁለቱም ተያይዘው አለቀሱ፤ በየተራ ስለ ባሎቻቸው ሞት ተጽናኑ። ከዚያ እናቴ ስለ ጽጌረዳዋ ጠየቀች። አሮጊቷ እጃቸውን ወደ ውጭ ዘረጉ። ጽጌረዳዋ የነበረችበት ቦታ ላይ የሚከራዩ ክፍሎች ተደርድረው ተሠርተዋል፤ በሮቹ ላይ የፋብሪካ ሠራተኞች ልብስ ተሰቅሏል። ቤቱ ሲሠራ ተነቅላለች አሉን።

እናቴ ራሷን ነቀነቀች። ለመሄድ የምትነሣ መስሎኝ ነበር፤ እሷ ግን ሽታዋ ትዝ ይላቸው እንደሆነ ጠየቀቻቸው።

«ባልሽ ያመጣልን ዓመት የመጨረሻ ልጄን ወልጄ ነበር» አሉ አሮጊቷ። «መጀመሪያ ያበበች ቀን ሕፃኑን ገላውን አጥቤ በር ላይ ፀሐይ አሞቀው ነበር። ከአናቱ የሚመጣውና ከአበባዋ የሚመጣው ተቀላቀለብኝ። የትኛው የማን እንደሆነ መለየት አቃተኝ።»

እናቴ ወደ እኔ ዞረችና «እስቲ ነይ» አለችኝ። ስጠጋ ሻሼን ወደ ኋላ ገፋ አድርጋ፣ ሽበት የጀመረው ፀጉሬ ላይ አፍንጫዋን አስጠግታ ቆየች። ትንፋሿ ይሰማኛል። ለመነቃነቅ ፈራሁ።

«ሸተተሽ እማዬ?»

«አልሸተተኝም» አለች። «አስታወስኩት ግን።»

ከዚያ በኋላ ምን ምን ይላል ብላ ጠይቃኝ አታውቅም። ምግብም ትንሽ ትንሽ መብላት ጀመረች። እኔም ተስፋ አደረግሁ። ክረምቱ ሲገባ ግን ያ የትንፋሽ እጥረት ተመለሰባት፤ ሳንባዋ ከመጀመሪያውም እንዳልዳነ ሐኪሞቹ ነገሩኝ። ነሐሴ ላይ፣ ፍልሰታን እየጾመች አረፈች። ሱሉልታ ቀበርናት። ከአባቴ ጎን ላሳርፋት ፈልጌ ነበር፤ አልሆነም፤ ያን ዕለት ዝናቡና መንገዱ አላሻግር አሉ። ይህ አሁንም ይቆጠቁጠኛል።

ቀጋው ግቢያችን ውስጥ አለ። በበጋ ነጭ አበባ ያወጣል። ጽጌረዳዋን ብዙ ቦታ ፈልጌ አላገኘኋትም፤ ችግኝ የሚሸጡት የሚያሳዩኝ ሁሉ ሌላ ነው።

የሰበታዋ አሮጊት ለልቅሶ መጥተው ሦስት ቀን አብረውኝ ሰነበቱ። አሁን ጨርቅ ልገዛ በሄድኩ ቁጥር እሳቸው ጋ ጎራ እላለሁ። ጉልበታቸው ስለከዳቸው በሩን የሚከፍቱልኝ ተከራዮቻቸው ናቸው። ባለፈው ስሄድ ብርድ ልብሳቸው ውስጥ ሆነው ዱከም የሚኖረው የመጨረሻ ልጃቸው ደውሎ እንደማያውቅ እየነገሩኝ እንቅልፍ ወሰዳቸው። እስኪነቁ ጠብቄ፣ ምሳቸውን አሙቄ ሰጥቼ፣ የተቀዳደደውን የትራስ ጨርቃቸውን ልሰፋ ይዤው ወጣሁ።