በወይዘሮ አስካለ እግር ላይ የፈሰሰው ውሃ

ይህን ነገር ለሚስቴ አልነገርኳትም። ለንስሐ አባቴም ጾም ሻርኩ፣ ሰው ተቆጣሁ እያልኩ ስናዘዝ ኖሬ ይህችን ዘልዬአታለሁ። ዛሬ ለአንተ ለምታነበው እናገራለሁ። ትምህርቴ ጥቂት ስለሆነ ቀስ ብዬ ነው የምጽፈው፤ ታገሠኝ።

ፌዴሬሽኑ ፈርሶ አስመራ በንጉሡ እጅ በገባችበት ዘመን ከዋናው ጎዳና ከኮምቢሽታቶ ጀርባ በአንድ ጋራዥ መካኒክ ነበርኩ። መምህር ታደሰ አማርኛ ሊያስተምሩ ከመሃል አገር የመጡ ሰው ናቸው። ከባለቤታቸው ከወይዘሮ አስካለ ጋር ማይ ጭሆት ሰፈር ተከራይተው ይኖሩ ነበር። አሮጌ ማኪና ነበረቻቸው፤ ከእኔ በቀር ለማንም አይሰጧትም።

አንድ ዓርብ ይዘዋት መጡ። በማግስቱ ምጽዋ ሊወርዱ ነው፤ ወይዘሮ አስካለ በዕድሜያቸው ባሕር አይተው አያውቁም። የማሞቂያውን ቱቦዎች መፈተሽ ጀመርኩ። ሁለት የጎማ ቱቦዎች ናቸው፤ አንደኛው የሞተሩን የፈላ ውሃ ከፊት ወንበር እግር ዘንድ ወዳለው ማሞቂያ ያስገባል፣ ሌላው ይመልሳል። ቱቦ በዓይን አይታወቅም። በጣትህ ጨመቅ ታደርገዋለህ። ጤነኛው ይመለሳል፤ የደከመው እንደ ሊጥ ይሰምጣል። እኔ ደግሞ አሸተዋለሁ።

«በራኺ፣ ልትበላው ነው እንዴ? ቤት ምሳ አልሰጡህም?» አሉኝ መምህር። ሳቅን።

ሁለቱም ደክመው ነበር። ለሁለቱም የሚበቃ አዲስ ቱቦ መደርደሪያው ላይ አለ። ጊዜም ነበረኝ። ታዲያ ምን ነካኝ?

ማወቅ ፈለግሁ። ሌላ ምክንያት የለኝም። ያወጣሁትን ቱቦ ሁሉ በምላጭ ሰንጥቄ ውስጡን የማይ ሰው ነበርኩ። ጎማ የሚያረጀው ከውስጥ ነው፤ ስንጥቁ እንደ ደረቀ ጭቃ ነው፣ ሳየው አልጠግብም። ግን ከማኪና የወጣ ቱቦ ስንት ቀን ይቀረው እንደነበር አይናገርም። ይህ የደከመው ከምጽዋ ወደ አስመራ የሚያወጣውን ዳገት ይችል ይሆን? መመለሻውን ቀየርኩ፣ ማስገቢያውን ተውኩ። ሲመለሱ አውጥቼው ዛሬ ካወጣሁት ጋር ጎን ለጎን አያቸዋለሁ አልኩ። የተውኩትን ደግሞ አዲስ እንዲመስል በጨርቅ ወለወልኩት። እስቲ ፍረድ፤ የረሳ ሰው ይወለውላል?

«ሁለቱም ተቀየሩ?»

«እወ መምህር፣ ሁለቱም።»

«እሰይ! እንግዲህ አስካለን ዓሣ ላበላት ነው።»

እሑድ ሲመለሱ ከነፋሲት በላይ ያለው ዳገት ላይ ሞተሩ ጋለ። በዚያ መንገድ የሾፌሮች ልማድ አለ፤ ሞተር ሲግል መስኮቱን ከፍተህ ማሞቂያውንም ትከፍታለህ፣ የሞተሩ ሙቀት በዚያ በኩል ይወጣል። በሙቀት ላይ ማሞቂያ መክፈት ለማያውቅ ሰው እብደት ይመስላል፤ ግን ልክ ነው። እኔም እንዲያ አደርጋለሁ። መምህርም ከሾፌሮች ሰምተው ነበርና ከፈቱ። ቱቦው ከወንበሩ ፊት ፈነዳ። የፈላው ውሃ በወይዘሮ አስካለ እግር ላይ ፈሰሰ።

ማክሰኞ መምህር በእግራቸው መጡ። ቱቦ ፈንድቶ ባለቤታቸው ሆስፒታል መተኛታቸውን ነገሩኝ። እኔ መጀመሪያ ምን አልኩ? እግዜር ይማርልዎት አላልኩም። «የትኛው ቱቦ ነው?» አልኩ። ማስገቢያው መሆኑን ስሰማ፣ እግዚአብሔር ምስክሬ ነው፣ ደስ አለኝ። አወቅሁ! ሰው እግሩ ተልጦ ተኝቶ እኔ ደስ አለኝ። ያ ደስታ ከየት እንደመጣ እስከ ዛሬ እጠይቃለሁ፤ መልሱን አላገኘሁም።

«በራኺ፣ እውነቱን ንገረኝ» አሉ። «ማሞቂያውን ባልከፍተው ኖሮ ይህ ባልሆነ ነበር?»

አየህ፣ የማምለጫ በር ተከፈተልኝ። አንዲት ቃል ነበር የሚፈለገው።

«አዎ መምህር። ባይከፍቱት ይሻል ነበር» አልኩ።

«እኔ ጅል! የሾፌር ወሬ ሰምቼ ሚስቴን አቃጠልኩ!» አሉና ግንባራቸውን መቱ። ከዚያ እኔን፣ እኔን ይቅርታ ጠየቁኝ፤ «ልፋትህን አበላሸሁብህ» ብለው። እኔም ምንም አይደል አልኳቸው።

ማሞቂያውን ለዘለዓለም ድፈንልኝ አሉኝ። ደፈንኩት። ከዚያ ወዲያ በአስመራ ብርድ ወይዘሮ አስካለ ብርድ ልብስ ጭናቸው ላይ ጥለው፣ የቆሰለ እግራቸውን ሰብስበው በዚያች ማኪና ሲሄዱ አይ ነበር። መምህር እየነዱ የባለቤታቸውን እግር ሰረቅ አድርገው ያያሉ። ስንት ጊዜ ልናገር ተነሣሁ? ብዙ ጊዜ። ስንት ጊዜ ተናገርኩ? አንድም ጊዜ። ከዚያ ወደ አገራቸው ተዛውረው ሄዱ።

በቅርቡ አንድ የድሮ ተማሪያቸውን አገኘሁ። መምህር ማረፋቸውን፣ ወይዘሮ አስካለ ግን በሕይወት መኖራቸውን ነገረኝ። «ሊሞቱ ሲሉ እንኳ እግሯን በእጄ አቃጠልኩት ይሉ ነበር» አለኝ። ይህን ሰምቼ ነው ወረቀት ያነሣሁት። ለተማሪው እሰጠዋለሁ፤ እሱ ለወይዘሮ አስካለ ያነብላቸዋል።

ወይዘሮ አስካለ፣ ልጅ ነበርኩ አልልም፤ ጎልማሳ ነበርኩ። አላወቅሁም አልልም፤ በጣቴ ጨምቄው አውቄዋለሁ። ለራሴ ይቅርታ መለመን አፌ አይደፍርም። የምለምንዎት ለእሳቸው ነው። አንድ ቀን እንኳ በልብዎ ቅር ተሰኝተውባቸው ከነበረ ያንን ያንሡላቸው። በዚያ ዳገት ላይ ማሞቂያውን መክፈት ነበረባቸው። መምህር ልክ ነበሩ።