የወልቂጤው ማሽን ኩርፊያ

ሳሌሃ ቡታጅራ ቁጭ ብላ የአውቶቡስ ትኬት የሚቆረጥበትን ክላስተር የምትጠብቅ ልጅ ናት። ክላስተሩ እርስ በርስ ተያይዘው አብረው የሚሠሩ ሦስት ኮምፒውተሮች ማለት ነው፤ ሁለቱ እሷ ጋ፣ አንዱ ወልቂጤ። በመስቀል ሰሞን፣ መናኸሪያው በሰው ጢም ባለበት ጠዋት፣ የወልቂጤው ሁለቱን አኮረፈና እዚያ ትኬት መቁረጥ ቆመ።

አለቃዋ ጋሽ ስምዖን ከወልቂጤ ደወሉ። "እስከ ምሳ ካልሆነልሽ ሥራውን ለአዲስ አበባዎቹ ባለሙያዎች እሰጣለሁ።"

ኬብል አየች፣ የኔትወርኩን ዘበኛ ፋየርዎልን አየች፣ ሁሉም ደህና ነው። የወልቂጤው ማሽን ግን የጓደኞቹን ሰርተፍኬት፣ ማለትም መታወቂያቸውን፣ "ጊዜው ገና ነው" እያለ ይመልሳል። ከርቀት ገብታ የማሽኑን ቀን ብታይ 2018 ይላል። ወዲያው ለጋሽ ስምዖን ደወለች።

"ጋሼ፣ ቀኑን የነካ ሰው አለ?"

"እኔ ነኝ። ትናንት የማሽኑ ባትሪ ሲቀየር ቀኑ ተዛብቶ ነበር፣ አስተካከልኩት።"

"በየትኛው አቆጣጠር?"

"በራሳችን ነዋ ልጄ። ዘንድሮ ስንት ሆነና?"

2018 በእኛ ነው፤ ማሽኑ ግን የሚቆጥረው በፈረንጅ ነው። ለካ ማሽኑ ሰባት ዓመት ወደ ኋላ ሄዶ፣ ገና ያልተወለደ ሰው መታወቂያ ቢያሳዩት ነው እምቢ ያለው። ቀኑን ወደ ፈረንጁ 2025 ስትመልሰው ወልቂጤ ትኬት መቁረጥ ጀመረ።

"በቃ፣ አዲስ አበባዎቹን አትምጡ እላቸዋለሁ" አሉ ጋሽ ስምዖን፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

"ምን ሆኖ ነበር ቢሉዎትስ?"

"ኔትወርክ ነው እላለሁ።"