ማን አየው?

አያቴ አንዲት ቃል እንግሊዝኛ ሳያውቁ እኔን፣ የዩኒቨርሲቲ የእንግሊዝኛ መምህሯን፣ ሲያበግኑኝ ኖሩ። እስቴ ውስጥ ቅኔ በማስተማር ያረጁ ሰው ነበሩ። ለእረፍት እሳቸው ወዳሉበት ወደ መካነ ኢየሱስ ከተማ በሄድኩ ቁጥር የተማሪዎቼን ድርሰት ወደ አማርኛ እየመለስኩ ካላነበብኩላቸው አይለቁኝም። አንዱ ልጅ «እናቴ እንደ ሻማ ቀልጣ አሳደገችኝ» ብሎ ጽፏል፤ ገና ከአፌ ሳይወጣ አስቆሙኝ።

«ማን አየው?»

«አባባ፣ ድርሰት እኮ ነው!»

«ታዲያ እናቱ ስትቀልጥ ቆሞ ያያል?»

በየዓረፍተ ነገሩ እንዲህ ነው፤ አንዱን ወረቀት ሳንጨርስ ይመሻል።

ባለፈው ወር አረፉ። የሕይወት ታሪካቸውን ጽፌ ቀብራቸው ላይ ያነበብኩት እኔ ነኝ፦ «ደግ፣ ሩኅሩኅ፣ እንደ ሻማ ቀልጠው ለሌላው ያበሩ» እያልኩ። ሕዝቡ አለቀሰ። እኔ ሻማው ላይ ስደርስ ቆም ብዬ ጠበቅኩ። ማንም አላስቆመኝም።