ሁለት ጊዜ የተነበበ ኑዛዜ

አባቴ የጂንካውን ቤት ለታናሽ እህቴ ተናዞ ሞተ። ለእሷ ብቻ! እኔ የበኩር ልጁ፣ ያ ቤት ሲመረግ ጭቃውን በእግሬ ያቦካሁት፣ ከነወንድሜ ባዶ እጃችንን ቀረን። እሷ አስታማዋለች፣ እሱን አልክድም። ማስታመም ቤት ያስወርሳል እንዴ? እኔስ ልጆቼን ቀይ አፈር ከተማ በትኜ ልምጣለት ኖሯል? ሰዉ ደግሞ ባል የላት፣ ከዚያ ቤት ሌላ መጠጊያ የላት ይለኛል። እንዳታገባ እኔ ነኝ የከለከልኳት?

ኑዛዜው ይፍረስልን ብለን ከሰስን። ከዚያማ ቀጠሮ በቀጠሮ ሆነ። አንዴ ዳኛው የሉም፣ አንዴ መዝገቡ ጠፋ፣ ተገኘ ሲባል መብራት የለም። ወንድሜ ወይጦ ከተማ ተቀምጦ በስልክ "በርቺ" ይለኛል። በርቺ! አንድ ቀን እንኳ ብቅ ቢል ምን ነበረበት?

ጠበቃችን ግን ብልጥ ነው። ኑዛዜውን የጻፈው ጎረቤታችን፣ ጡረታ የወጣ መምህር፣ ግማሹን ገጽ በምርቃትና በእርግማን ሞልቶታል። አራት ምስክሮችም ፈርመውበታል። በተናዛዡና በምስክሮቹ ፊት ተነበበ የምትለዋን አንዲት መስመር ግን ረስቷታል። እሷ ካልተጻፈች ኑዛዜው ፈራሽ ነው፣ ሕጉ እንዲህ ነው አለኝ ጠበቃው። እልል ልል ምንም አልቀረኝ።

ከምስክሮቹ አንዱ፣ የአባቴ የረጅም ጊዜ ወዳጅ የሆኑ የአሪ ሽማግሌ፣ ችሎት ቀርበው ተነቧል አሉ። አንዴ በአማርኛ፣ እሳቸው በደንብ አልገባኝም ስላሉ ደግሞ በአሪኛ። ዳኛው በትዕግሥት ሰሟቸውና፣ ወረቀቱ ያላለውን የሰው ቃል አይሞላለትም አሏቸው። ሽማግሌው ዞር ብለው እኔን አዩኝ። እኔ ጣሪያ ጣሪያውን አየሁ። ኑዛዜው የተነበበ ቀን አባቴን ልጠይቅ መጥቼ፣ ከእህቴ ጋር ከአልጋው ግርጌ ተቀምጬ ነበር። "ቤቴ ለትንሿ ልጄ" የሚለውን በሁለቱም ቋንቋ ሰምቻለሁ። ታዲያ ማን ጠየቀኝ?

ተፈረደልን። ቤቱ ተሸጦ ሦስታችሁ ተካፈሉ ተባለ። እህቴ ከፍርድ ቤቱ በር ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። ልትሰድበኝ ነው ብዬ መልሴን አዘጋጅቼ ነበር።

"እትዬ፣ ሲነበብ አጠገቤ ሆነሽ አልሰማሽም?" አለችኝ።

"ሕጉ እኮ ነው" አልኳት።

"ሕጉንማ ዳኛው ነገሩኝ። እኔ አንቺን ነው የጠየቅሁት።"

የተዘጋጀሁት ለስድብ ነው። መኪና ያመልጠኛል ብያት ጥያት ሄድኩ። መናኸሪያ ስደርስ፣ የቀይ አፈሩ መኪና ሊነሳ ገና ሁለት ሰዓት ይቀረው ነበር።