አብሾ መስሎን ነበር

ነገሩ የሆነው አምና ከጥምቀት በኋላ፣ እዚሁ ደብረ ማርቆስ ነው። እስከ ዛሬ ከአእምሮዬ ያልወጣው፣ ምን እንደሆነ ባውቅም የት ድረስ እንደሄደ ስላልገባኝ ነው።

እኔ ዘግይቼ፣ በሃያ ስድስት ዓመቴ ነው ሀ ያልኩት። አምና የማታ ተማሪ ሆኜ ዘጠነኛ ክፍል ደርሼ ነበር። የወንድሜ ልጅ ደሳለው ከደብረ ኤልያስ መጥቶ እኔ ቤት እየኖረ አሥረኛ ይማራል። ዕድሜው ዐሥራ ሰባት ነው። ቀድሞ ቅኔ ቤት ስለነበር አንዴ የሰማው አይጠፋውም። ሒሳብ የሚያስረዳኝም እሱ ነው፤ «እታለም፣ ይቺን እንኳ አታውቂም?» እያለ ይስቅብኛል።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ባለፈው ሳምንት ራሱ ደብተሬ ላይ የሠራልኝን ሒሳብ ገልጬ «እስቲ ድገምልኝ» አልኩት። ብዙ አየው።

«ይሄን ማን ጻፈው?»

የቀለደ መስሎኝ «አንተው ነህ እንጂ!» አልኩት።

«እኔ?» አለ። ዐይኑ ቀልቷል።

የእጅ ጽሑፉ የራሱ ነው። ቀኑን ሳልጽፍ ደብተር ስለማልዘጋ ቀኑም አለ። ቢሆንም ለአፍታ ራሴን ተጠራጠርኩ።

አባቱ በስልክ ሲሰማ «አብሾ ጠጥቶ ነው» አለ። አብሾ አንዳንድ የቅኔ ተማሪዎች አእምሮ ይከፍታል ብለው የሚጠጡት፣ ሲበዛ የሚያሳብድ ዕፅ ነው። እኔም አመንኩ። ወንድሜ መጥቶ ጸበል ወሰደው።

በሁለት ሳምንቱ ሲመለስ ዐይኑ ጠርቷል። ያንኑ ሒሳብ ሳያቆም ሠራው። «አየሽ፣ ለቀቀው» አለኝ ወንድሜ።

ወር ሳይሞላ እንደገና ባሰበት። የትምህርት ቤት ልብሱን ላጥብ ኪሱን ስፈትሽ በደብተር ወረቀት የተጠቀለለ ደረቅ ቅጠል አገኘሁ። አልዋሸኝም።

«ጋንጃ ነው። ልጆቹ አእምሮ ይከፍታል አሉኝ።»

«አብሾስ?»

«ኧረ እታለም! አብሾማ ያሳብዳል!»

ልሳቅ ወይስ ላልቅስ?

ጤና ጣቢያ ይዤው ሄድኩ። ነርሷ በዚህ ዕድሜ አንጎል ገና እያደገ መሆኑን፣ ጋንጃ ማስታወስንና ትኩረትን እንደሚጎዳ፣ አንዳንዱን ጭራሽ አእምሮውን እንደሚያውክ ነገረችን። ጸበል ቦታ የተሻለው ስላላጨሰ ሊሆን እንደሚችልም አከለች።

«ሊሆን ይችላል ወይስ ነው?» አልኳት።

«ሊሆን ይችላል ነው ያልኩት፣ እህቴ።»

«ቢያቆም ሁሉም ይመለስለታል?»

«ብዙው ይመለሳል። ሁሉም ብዬ ግን አልምልልሽም።»

ለወንድሜ ስነግረው «ታዲያ ጸበሉ አይደለም ያዳነው ልትይኝ ነው?» ብሎ ተቆጣኝ። «ሊሆን ይችላል ነው ያለችው» አልኩት።

ደሳለው ማጨስ ካቆመ ስምንት ወር ሆነው። ቅዳሜ ቅዳሜ አሁንም ሒሳብ ያሳየኛል። አንዳንዴ ይፈጥናል። አንዳንዴ መሐል ላይ ያቆምና እስክሪብቶውን እየነከሰ ወረቀቱን ያያል። ማንም ተማሪ የሚያደርገው ይሁን፣ ወይስ ያልተመለሰለት ነገር ይኑር፣ መለየት አልቻልኩም። የድሮ ደብተሮቼን አገላብጬ የእያንዳንዱን ገጽ ቀን አገኘሁ። አንዱን ሒሳብ ለመሥራት ድሮ ስንት ደቂቃ ይፈጅበት እንደነበር ግን የትም አልጻፍኩም።